ጎልማሳ ፒያኖ ተማሪ በስንት ቀን ወደ መምህሩ ይሂድ?

ሰው ትምህርትን የሚጀምርበት ዕድሜ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ገና በወላጆቹ እቅፍ ሳለ ፊደል ይቈጥራል፤ ሌላው ትዳር ይዞ፣ ልጆች ወልዶ፣ በመሥሪያ ቤት የኃላፊነት ወንበር ላይ ከተቀመጠ በኋላ አዲስ ጥበብ ለመማር ይነሣል። ከእነዚህ ከኋለኞቹ መካከል ቀን ከመዝገብና ከደብዳቤ ጋር ውለው ማታ በፒያኖ ፊት የሚቀመጡ አሉ። እነዚህ ሰዎች መምህር ባገኙ ጊዜ ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ጥያቄ «በሳምንት ስንት ጊዜ ልምጣ?» የሚል ነው።

ጥያቄው ሲሰሙት የሒሳብ ጥያቄ ይመስላል። መምህሩም «አንድ ጊዜ» ወይም «ሁለት ጊዜ» ብሎ ቢመልስ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ሰው ግን በዚህች ትንሽ ጥያቄ ውስጥ ሦስት ትልልቅ ጥያቄዎች ይገኛሉ። ዕውቀት ከሌላ ሰው እጅ የሚቀበሉት ነው ወይስ ራስ የሚሠሩት? የጎልማሳ ሰው ጊዜና ገንዘብ የራሱ ብቻ ነው ወይስ የሌሎችም? ተማሪስ ለመምህሩ ያለበት ዕዳ የትምህርቱን ዋጋ በመክፈል ብቻ ያልቃልን? ስለዚህ ቁጥሩን ለመወሰን ከመቸኰል ይልቅ እነዚህን ሦስቱን በየተራ መመርመር ይሻላል።

አስቀድሞ ግን በመንገዱ ላይ የቆመ አንድ አባባል አለ። አበው «ትምህርት በልጅነት፣ አበባ በጥቅምት» ብለዋል። አባባሉ እውነትነት አለው። የልጅ ጣት ቶሎ ይታዘዛል፤ የልጅ ጊዜ ሰፊ ነው፤ ልጅ ቢሳሳት ብዙ አያፍርም። ይሁን እንጂ ጥቅምት ካለፈ በኋላ የሚያብብ ተክል የለም ማለት አይደለም። ጎልማሳው ልጁ የሌለው ሀብት አለው፤ ማንም ሳያስገድደው በገዛ ፈቃዱ መጥቷል፤ የሚወደውን ዜማ ለይቶ ያውቃል፤ የነገሩ ምክንያት ሲነገረው ይገባዋል። ደግሞም የልጁን የትምህርት ቀን የሚወስኑለት ወላጆቹ ሲሆኑ የጎልማሳውን የሚወስነው ራሱ ጎልማሳው ነው። እንግዲህ ለልጅ የመታዘዝ ጉዳይ የሆነው ነገር ለጎልማሳ ራስን የመግዛት ጉዳይ ይሆናል።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ተቃራኒ አሳቦች ይሰማሉ። አንደኞቹ «ዘግይቼ ስለ ጀመርሁ መሮጥ አለብኝ፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ቢቻልም በየቀኑ በመምህሬ ፊት ልቀመጥ» ይላሉ። ሁለተኞቹ ደግሞ «እኔ የተማርሁ ሰው ነኝ፤ መጽሐፉም አለ፤ በስልክ የሚታየው ትምህርትም ሞልቷል፤ መምህር ለምኔ?» ይላሉ። ሁለቱም ምክንያት አላቸው፤ ነገር ግን መምህር የሚሠራውንና ተማሪ የሚሠራውን ሥራ ሁለቱም በሚገባ አልለዩም።

መምህር በአንድ የትምህርት ሰዓት የሚሠራው ሦስት ነገር ነው፤ ያሳያል፣ ያዳምጣል፣ ያርማል። ጥበቡን በተማሪው እጅ ላይ ሊያኖርለት ግን አይችልም። የቀኝ እጅ ጣቶች ዜማውን ሲጫወቱ የግራ እጅ ጣቶች ሌላ ነገር እንዲሠሩ፣ ዓይን ኖታውን ሲከተልም እጅ ሳይታይ ስፍራውን እንዲያገኝ የሚያደርገው ድግግሞሽ ነው። ድግግሞሹም የሚፈጸመው በተማሪው ቤት ማንም በሌለበት ሰዓት ነው። ዘር የዘራ ገበሬ በማግሥቱ ተመልሶ በዚያው ማሳ ላይ ሌላ ዘር አይደርብም፤ እስኪበቅል ይጠብቃል፣ ያርማል፣ ይኰተኩታል። ገና ባልተለማመደው ትምህርት ላይ ሌላ ትምህርት የሚጨምር ተማሪም ዘር በዘር ላይ እንደ ደረበ ይቈጠራል።

ይህን ነገር የአገራችን ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ከሰማ በኋላ ቀኑን ሁሉ በመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ አይውልም። ከጓደኞቹ ተለይቶ ጭር ወዳለ ስፍራ ይሄድና ብቻውን ቅኔ ይቈጥራል፤ የሠራውን ያፈርሳል፣ ያፈረሰውን መልሶ ይሠራል። ከዚያ በኋላ የቈጠረውን ይዞ ወደ መምህሩ ይመጣል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርመዋል። እንዲህ ያለው ተማሪ በየቀኑ ወደ መምህሩ ቢቀርብ አያስነቅፈውም፤ ሲደክምበት የዋለ የራሱ ሥራ በእጁ አለና። የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሆነው ፒያኖ ተማሪ ግን የቅኔው ተማሪ በአንድ ቀን የሚያገኘውን የብቻ ሰዓት ለማግኘት ብዙ ቀናት ያስፈልጉታል። ስለዚህ በሁለት ትምህርቶች መካከል ስንት ቀን ይሁን ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው መልስ ለመምህሩ የሚያቀርበውን አዲስ ሥራ ሠርቶ ለመጨረስ የሚበቃ ጊዜ ይሁን የሚል ነው።

ፒያኖ ወደ ተስፋፋባቸው አገሮች ብንሻገርም የምናገኘው ምስክርነት ከዚህ የራቀ አይደለም። ፖላንዳዊው ሙዚቀኛ ፍሬዴሪክ ሾፓን እ.ኤ.አ. በ1831 ፓሪስ ከገባ በኋላ ኑሮውን የመራው በአብዛኛው ፒያኖ በማስተማር ነበር። ከተማሪዎቹም ብዙዎቹ በሙዚቃ እንጀራቸውን ለማግኘት ያላሰቡ፣ በተለይም ከመኳንንት ወገን የሆኑ ወይዛዝርት ነበሩ። ለአንድ ትምህርት 20 ፍራንክ ይከፈለው ነበር፤ የትምህርቱም ብዛት ለሁሉ አንድ ዓይነት ሳይሆን እንደየተማሪው ችሎታና አቅም በሳምንት አንድ ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዲቱ በቀን ስድስት ሰዓት እንደምትለማመድ በሰማ ጊዜ ግን ተቈጥቶ ከሦስት ሰዓት በላይ እንዳትለማመድ ከለከላት። ከልክ ያለፈ ድካም አእምሮን እንደሚያደነዝዝ ያምን ነበርና። እንግዲህ ያ ታላቅ መምህር እንኳ ትጋትን የሚለካው በሰዓት ብዛት ብቻ አልነበረም።

በእኛ ዘመን ደግሞ ነገሩን በጥናት የመረመሩ ሰዎች አሉ። አንደርስ ኤሪክሰን የተባለው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ጥናት በበርሊን የሙዚቃ አካዳሚ የሚማሩ የቫዮሊን ተማሪዎችን በሦስት ወገን ከፍሎ ተመለከተ፤ እነርሱም እጅግ የላቁት፣ ጥሩ የሚባሉትና የሙዚቃ መምህር ለመሆን የሚሰናዱት ነበሩ። በሳምንት ለሙዚቃ ጉዳይ የሚያውሉት ጠቅላላ ሰዓት በሦስቱ ወገኖች መካከል ብዙ አልተለያየም። ብቻቸውን በሚለማመዱበት ሰዓት ግን ልዩነቱ ጐልቶ ታየ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወገኖች በሳምንት 24 ሰዓት ያህል ብቻቸውን ሲለማመዱ ሦስተኞቹ 9 ሰዓት ያህል ብቻ ይለማመዱ ነበር። እርግጥ እነዚህ ሙዚቃን ሙያቸው ለማድረግ የቈረጡ ወጣቶች ስለ ሆኑ ቁጥሩ ለእኛ ልክ ሊሆን አይችልም። ሆኖም ተማሪን ከተማሪ የሚለየው በአብዛኛው የብቻው ሥራ መሆኑን ያስገነዝበናል።

የብቻው ሥራስ በምን ዓይነት ቢከፋፈል ይሻላል? ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት በቃሉ በመያዝ የማስታወስን ነገር በራሱ ላይ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1885 አንድ መጽሐፍ አሳትሟል። በዚያም በሦስት ቀን ተከፋፍሎ የተደረገ 38 ጊዜ ድግግሞሽ በአንድ ጊዜ ከተደረገ 68 ጊዜ ድግግሞሽ ጋር የሚመጣጠን ፍሬ እንደ ሰጠው ገልጿል። ከብዙ ዓመታት በኋላም አለን ባደሊና ሎንግማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት በፊደል መምቻ ላይ መጻፍ የሚማሩ የእንግሊዝ አገር የፖስታ ሠራተኞችን በአራት ምድብ ከፍለው ተመለከቱ። ይህም ጣትን በሰሌዳ ላይ ማሠልጠን ስለ ሆነ ከፒያኖ እጅግ የራቀ አይደለም። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ የተማሩት በጠቅላላው በ55 ሰዓት ያህል የደረሱበትን ችሎታ በቀን አራት ሰዓት የተማሩት የደረሱበት በ80 ሰዓት ያህል ነበር።

የዚህ ጥናት ሌላው ክፍል ግን ከቁጥሩ ይልቅ ያስደንቃል። በቀን አንድ ሰዓት የተማሩት ሰዎች ሰዓታቸውን ከሁሉ የተሻለ የተጠቀሙበት ሆነው ሳለ በትምህርታቸው አካሄድ ከሁሉ ያነሰ ደስታ የተሰማቸው እነርሱ ነበሩ። ጓደኞቻቸው በጥቂት ቀናት ወደፊት ሲሄዱ እያዩ ራሳቸውን እንደ ዘገዩ ቈጥረዋልና። ከዚህ የምንረዳው ወደፊት መሄድና ወደፊት የሚሄዱ መስሎ መታየት አንድ አለመሆናቸውን ነው። ትምህርት ባበዛሁ ቁጥር ዐወቅሁ ብሎ የሚደሰት ጎልማሳ ደስታው እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ማወቁ ግን በሌላ መስፈሪያ መሰፈር አለበት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለውም ለእንዲህ ዓይነቱ ችኰላ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተባለው ሁሉ መምህር አያስፈልግም ለሚሉት የሚያግዝ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አያግዝም። ብቻውን የሚለማመድ ሰው የሚደጋግመው ትክክለኛውን ብቻ ሳይሆን ስሕተቱንም ጭምር ነው። ትከሻውን ሰቅሎ፣ አንጓውን አጠንክሮ የሚጫወት ጀማሪ መጨናነቁን ራሱ አያየውም፤ እጁ መታመም ሲጀምር ብቻ ያውቀዋል። ጆሮውም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚሰማው እጁ የተጫወተውን ሳይሆን ልቡ ሊጫወት ያሰበውን ነው። ለአንድ ወር የተደጋገመ የጣት ስሕተት ሥር ከሰደደ በኋላ እርሱን መንቀል አዲስ ነገር ከመማር ይልቅ ያደክማል። መጽሐፍ ያሳያል፤ በስልክ የሚታየውም ትምህርት ያሳያል፤ ተማሪውን አዳምጠው፣ ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ መርምረው ለማረም ግን እንደ መምህር አይሆኑም። በመሆኑም በሁለት ትምህርቶች መካከል ያለው ጊዜ ሥራ ለመሥራት የሚበቃ፣ ስሕተት ሥር ለመስደድ ግን የማይበቃ መሆን አለበት።

ይህን መመዘኛ ከያዝን ቁጥሩ ብዙ አያስቸግርም። ፈጽሞ ጀማሪ የሆነ ጎልማሳ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት አቀማመጡና የእጁ አያያዝ እስኪስተካከል ድረስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ቢማር መልካም ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው የትምህርት ብዛት ሳይሆን የቅርብ እርማት ነውና። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት መማር ለአብዛኛው ሰው ተገቢ ይመስለኛል። በሚቀሩት ቀናት ውስጥም ቢያንስ በአምስቱ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይለማመድ። ዓመታት አልፈው ጆሮው የራሱን ስሕተት መለየት ሲጀምር፣ የሚያጠናውም ዜማ ረዘም ሲል በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ቢሄድ አይጐዳም። በሳምንቱ ውስጥ ሁለት ቀን እንኳ መለማመድ ያልቻለ ሰው ግን የትምህርቱን ብዛት በመጨመር የሚያተርፈው ነገር የለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። ጎልማሳ ሰው የሚማርበት ሰዓት ከየትም የተገኘ ትርፍ ሰዓት አይደለም። ከልጆቹ የቤት ሥራ፣ ከሚስቱ ጨዋታ፣ ከታመመ ዘመድ ጥየቃ፣ ከዕረፍቱም የተቀነሰ ነው። ገንዘቡም እንደዚሁ ቤቱ ከሚተዳደርበት ደመወዝ ላይ የተነሣ ነው። በሳምንት ሦስት ትምህርት ከፍሎ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚያዘገይ አባት «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ደርሶበታል። በዚህ ምክንያት የትምህርቱን ልክ ሲወስን ቤተሰቡን ማማከር ይገባዋል፤ የሚወስደው ሰዓት ከእነርሱም ድርሻ ነውና።

ይህ ማለት ግን ጎልማሳ ለራሱ ምንም ሊያስቀር አይገባውም ማለት አይደለም። ሰው ለቤተሰቡ የሚያበረክተው ገንዘብና ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ጠባዩም ነው። ቀኑን ሁሉ በሥራ ተወጥሮ የዋለ ሰው ማታ ግማሽ ሰዓት በጸጥታ ከዜማ ጋር ቢቀመጥ ቤቱ የሚጐዳበት ምክንያት የለም። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ፒያኖ የጆሮ ማዳመጫ ስላለው የተኙ ልጆችን ሳይቀሰቅሱ መለማመድ ይቻላል። ልጆቹ ነቅተው ባዩት ጊዜም የሚያዩት አንድን ስፍራ አሥር ጊዜ ሲሳሳት፣ አሥር ጊዜም ሲመልሰው ነው። ስለ ትጋት ከሚሰጣቸው ምክር ሁሉ ይልቅ ይህ ሳያስተምራቸው አይቀርም። እኔም የመንግሥት ሠራተኛ እንደ መሆኔ የሰኔን ወር አውቀዋለሁ፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን እስኪዘጋ ድረስ ሒሳብ ሠራተኛው ፋታ የለውም። እንዲህ ባለው ወር ትምህርቱን ፈጽሞ ከመተው መምህሩን አስቀድሞ አስታውቆ ወደ ሁለት ሳምንት ማራዘም፣ ልምምዱንም ወደ አሥር ደቂቃ ዝቅ ማድረግ ይሻላል።

ሦስተኛው ጥያቄ የመምህሩ ነው። ብዙ ሰው የትምህርቱን ዋጋ ከከፈለ ለመምህሩ ያለበት ዕዳ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ሳይለማመድ የመጣ ተማሪ መምህሩን ባለፈው ሳምንት የተናገረውን እንደ ገና እንዲናገር ያስገድደዋል። መምህሩ ገንዘቡን ተቀብሏል፤ ድካሙ ግን ፍሬ አላፈራም። አስተማሪ የሆኑ አንባቢዎቼ ይህን ስሜት ከማንም ይልቅ ያውቁታል። በአንጻሩ በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ፣ በመጣ ጊዜም «ይህችን ስፍራ በሦስት ዓይነት ሞከርኋት፤ አንደኛው ይሻላል መሰለኝ፤ እርስዎስ ምን ይላሉ?» የሚል ተማሪ ሲገኝ መምህሩ ሥራውን በደስታ ይሠራል። እንግዲህ መምህርን ማክበር ቶሎ ቶሎ በመሄድ ሳይሆን ባዶ እጅ ባለመሄድ ይገለጣል።

በዚህ ላይ ከጎልማሳ ተማሪ ጋር ብቻ የሚመጣ አንድ ፈተና አለ፤ እርሱም ኩራት ነው። በመሥሪያ ቤቱ ሌሎችን የሚያርም፣ ፊርማው የሚከበር ሰው በፒያኖ ፊት ሲቀመጥ ከልጆች እኩል ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜም ከልጆች ያንሳል። ይህ የከበደው ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይም እንዳይታረም ብሎ ትምህርቱን ያራርቃል፤ ወይም ብቻውን ሆኖ ድክመቱን መስማት ስለማይወድ መምህሩ አጠገቡ ተቀምጦ እንዲያግዘውና እንዲያበረታታው ትምህርቱን ያበዛል። ሁለቱ በውጭ ሲታዩ ተቃራኒዎች ናቸው፤ በውስጥ ግን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም እውነትን ከመስማት መሸሻ ናቸውና። ስለዚህ «በስንት ቀን ልሂድ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው «መቅረት የምፈልገው ስለ ምንድን ነው? መሄድስ የምፈልገው ስለ ምንድን ነው?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ የማንም ምክር ሳያስፈልገው ልኩን ሊያገኝ ይችላል።

በመጨረሻም ትምህርት ወዴት እንደሚያደርስ ማሰብ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1923 በአዲስ አበባ ተወልደው በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በልጅነታቸው በስዊስ አገር ሙዚቃ ተምረዋል፤ በወጣትነታቸውም ካይሮ ሄደው በፖላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች በአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ሥር ብዙ ደክመዋል። ከዚያ በኋላ መነኰሱ። የመጀመሪያው የሙዚቃ ሸክላቸው ሲወጣ የካይሮው ትምህርት ካበቃ ብዙ ዓመታት አልፈው ነበር። እርሳቸው በጎልማሳነት የጀመሩ አልነበሩም፤ ተሰጥኦአቸውም የማንኛችንም መለኪያ ሊሆን አይችልም። ነገር ግን የመምህር ሥራ ሲፈጸም ምን እንደሚመስል በእርሳቸው ሕይወት ይታያል። መምህሩ ይቀራል፤ የመምህሩ ጆሮ ግን በተማሪው ውስጥ ይቀመጣል፤ ተማሪውም ከዚያ ወዲያ ራሱን እያዳመጠና እያረመ ይኖራል።

እንግዲህ በጎልማሳነቱ ፒያኖ የሚማር ሰው በሳምንት አንድ ጊዜ ይማር ብል አብዛኛውን ሰው የምጐዳ አይመስለኝም። ነገር ግን ይህን ቁጥር እንደ ሕግ ከመያዝ ይልቅ ወደ ትምህርቱ ለመሄድ ሲነሣ ከባለፈው ትምህርት ወዲህ ብቻውን የሠራው ምን እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ። የሠራው ነገር ካለ ጊዜው ደርሷልና በደስታ ይሂድ። የሠራው ከሌለና ሳምንቱ በእውነት የሥራና የችግር ሳምንት ከነበረ ለመምህሩ አስታውቆ ቀኑን ያራዝም። ሳምንቱ የስንፍና ሳምንት ከነበረ ግን የቀጠሮውን ቀን ከመቀየሩ በፊት በዚያው ምሽት የፒያኖውን ክዳን ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ።